ትልልቆቹን የምዕራብ አገሮች በሚቀጥሉት ዓመታት እነማን ይመራሉ? ከስሙ በፊት በሩን እንመልከት

ዘመን ቆጣሪ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመድረኩ ታዳሚዎች በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰሞኑን ስለ ምዕራቡ ዓለም ፖለቲካ እዚህ የሚጻፈውን ስከታተል፣ አብዛኞቻችን የምንጽፈው የሰው ስም ብቻ መሆኑን ታዘብሁ። አንዱ ቀጣዩ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የማሪን ለ ፔን ቀኝ አክራሪ ፓርቲ መሪ ዦርዳን ባርዴላ መሆኑ ያለቀለት ጉዳይ ነው ይላል፤ ሌላው ብሪታንያን ከወዲሁ ለሪፎርም ፓርቲ መሪ ለናይጀል ፋራዥ አስረክቧታል፤ ሦስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2028 የትራምፕ ምክትል ጄ ዲ ቫንስ እንደሚመረጥ ቅንጣት ታህል አይጠራጠርም። ስሞቹ የተሳሳቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰው ወደ ሥልጣን የሚገባበት በር በየአገሩ ይለያያል፤ በአንዱ አገር ሰተት ብሎ የሚገባው ሰው በሌላው አገር ደጃፍ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከስሙ በፊት በሩን፣ በሩም የሚከፈትበትን ቀን ብናይ ግምታችን የተሻለ መሠረት ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑን ካየን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በ2027 ጸደይ ይካሄዳል፤ ማክሮን ለሁለት ተከታታይ ዘመን ስለተመረጡ ሕገ መንግሥቱ ዳግም እንዲወዳደሩ አይፈቅድላቸውም። የአሜሪካ ምርጫ ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው፤ ትራምፕም ሁለት ጊዜ ስለተመረጡ በ1951 የጸደቀው 22ኛው ማሻሻያ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይመረጡ ይከለክላቸዋል። የጀርመን መደበኛ ምርጫ በ2029 መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ የብሪታንያው ደግሞ ቢዘገይ ከኦገስት 2029 አያልፍም። ጣሊያንን በአጭሩ ልለፋት፤ ከ1946 ወዲህ ከ60 በላይ መንግሥታት በተፈራረቁባት አገር ጆርጂያ ሜሎኒ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ጸንተው ቆይተዋል፤ ጥምረታቸው ሳይፈርስ 2027 ከደረሰ እንደገና ሊያሸንፉ ይችላሉ የሚለው ግምት ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል።

አሁን ከፊት የሚታየው ሰው ሁልጊዜ ሥልጣን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ፣ የአሜሪካ ምርጫ ሊደረግ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በአገር አቀፍ ጥናቶች ዴሞክራቶቹን ሂላሪ ክሊንተን፣ ሪፐብሊካኖቹን ሩዲ ጁሊያኒ ይመሩ ነበር። ጁሊያኒ በፓርቲያቸው የዕጩ መምረጫ በአንድም ግዛት ሳያሸንፉ ከውድድሩ ወጡ፤ ክሊንተንም በኦባማ ተቀደሙ። ጆርጅ ቡሽ ትልቁ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በማርች 1991 ዘጠኝ አስረኛ የሚሆነው ሕዝብ ሥራቸውን ይደግፍ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን በቢል ክሊንተን ተሸነፉ። በቅርቡም፣ በሜይ 2025፣ የአውስትራሊያው ተቃዋሚ መሪ ፒተር ደተን በዓመቱ መጀመሪያ ቀንቷቸው ሳለ ምርጫውን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን የምክር ቤት ወንበር ጭምር አጡ።

እንግዲህ በየአገሩ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የምታውቁትን በር በዝርዝር እንድታሳዩን እጠይቃለሁ። ከዚያም እያንዳንዳችን ግምታችንን ከመቶ ስንት እንደሆነ በቁጥር እንጻፍ። «ሊሆን ይችላል» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው መቼም ተሳሳተ ሊባል አይችልም፤ ስለዚህም ከግምቱ አይማርም።

ወለተ ጎንደር፣ ፓሪስ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘመን ቆጣሪ፣ ስለ ፈረንሳይ በር ከቅርብ ያየሁትን ልንገርዎት። በጁላይ 7 ቀን 2024፣ በምክር ቤት ምርጫው ሁለተኛ ዙር ምሽት፣ በሰፈሬ ምርጫ ጣቢያ ከድምፅ ቆጣሪዎቹ አንዷ ነበርሁ። በዚህ አገር ቆጠራ በአደባባይ ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ ቆሞ ማየት ይችላል። ኮሮጆው ውስጡ የሚያሳይ ነው። ፖስታዎቹ መቶ መቶ እየሆኑ ይታሰራሉ፤ በየጠረጴዛው አራት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ፖስታውን ይከፍታል፣ ሁለተኛው ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሁለቱ ደግሞ በየራሳቸው ወረቀት ላይ ሰረዝ እየጨመሩ ይቆጥራሉ። እኔ ሰረዝ ከሚጨምሩት አንዷ ነበርሁ። በመጀመሪያው ዙር በሰፈራችን ብዙ ድምፅ ያገኘው የግራው ዕጩ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ግን የለ ፔንን ፓርቲ ለማስቀረት ለማክሮን ወገን ዕጩ ሲል ራሱን አግልሏል። ከአንድ ሳምንት በፊት ግራውን የመረጠው ጎረቤቴ፣ ማክሮንን እንደማይወድ ደረጃ ላይ ቆሞ የነገረኝ ሰው፣ ያንን ምሽት የማክሮንን ወገን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትቶ እንደነበር ራሱ ነገረኝ። በመላ አገሪቱ ከ200 በላይ ዕጩዎች በዚህ መንገድ ራሳቸውን አገለሉ፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ለፍጹም አብላጫ የተቃረበ ይመስል የነበረው የለ ፔን ፓርቲም ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

የፈረንሳይ በር ሁለት መዝጊያ አለው የምለው ለዚህ ነው። ከ1965 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ ሲመረጥ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ያለፈ አንድም ሰው የለም፤ ደ ጎል እንኳ ከሚተራን ጋር ሁለተኛ ዙር ገብተዋል። በመጀመሪያው ዙር ሰው የሚወደውን ይመርጣል፤ በሁለተኛው የሚፈራውን ያስቀራል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛ መዝጊያ እየላላ መሆኑን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። በ2002 ዣን ማሪ ለ ፔን ሁለተኛ ዙር ሲደርሱ ያገኙት 17.8 በመቶ ነበር፤ ልጃቸው ማሪን በ2017 33.9፣ በ2022 ደግሞ 41.5 በመቶ አገኙ። ቁጥሮቹን ቁልቁል ላነበባቸው ሰው የሚቀረው ርቀት ትንሽ ነው።

ማሪን ለ ፔን ራሳቸው በሩ ላይ መድረሳቸው አልተረጋገጠም። በማርች 31 ቀን 2025 የፓሪስ ፍርድ ቤት የአውሮፓ ፓርላማን ገንዘብ ያለአግባብ በመጠቀም ጥፋተኛ ብሎ ለአምስት ዓመት ከምርጫ አግዷቸዋል፤ እገዳውም ይግባኙን ሳይጠብቅ ወዲያው ጸንቷል። ይግባኙ በ2026 መጀመሪያ ይሰማል፤ ውሳኔውም በዚያው ዓመት በጋ ይጠበቃል። እገዳው ከጸና ተተኪው ባርዴላ ነው፤ በምርጫው ቀን ዕድሜው ገና 31 ይሆናል። ከመሀሉ ደግሞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትርና የለ ሃቭር ከንቲባ ኤድዋር ፊሊፕ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ እንደሚወዳደሩ አስታውቀዋል። የፈረንሳይ ታሪክ ግን አስቀድሞ ለታየ ሰው ብዙ አይራራም። ኤድዋር ባላዱር በ1995 መጀመሪያ ይመሩ ነበር፤ ሁለተኛውን ዙር እንኳ አላዩትም። ዶሚኒክ ስትሮስ ካን በ2011 ኒውዮርክ ላይ እስኪያዙ ድረስ ቀዳሚው ተስፈኛ ነበሩ። ከ2017ቱ ምርጫ በፊት አላን ዡፔ ያሸንፋሉ ተብሎ ነበር፤ በገዛ ወገናቸው የዕጩ መምረጫ ግን ፊዮን አሸነፉ፤ ፊዮንም በጃንዋሪ በወጣባቸው ጉድ ተንኮታኮቱ፤ በመጨረሻ የገባው ከሁለቱም ውጪ የነበረ የ39 ዓመት ሰው፣ ማክሮን፣ ነው።

ከራይን ዳር፣ ኮሎኝ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህታችን ወለተ ጎንደር የጻፉትን በጉጉት አነበብሁ። እኔም በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2025 በሰፈሬ ትምህርት ቤት ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ አገልግያለሁ። የጀርመን የድምፅ መስጫ ወረቀት ሁለት ዓምድ አለው፤ በግራ በኩል በጥቁር የታተመው ለወረዳው ዕጩ፣ በቀኝ በኩል በሰማያዊ የታተመው ለፓርቲው የሚሰጥ ድምፅ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ የፓርቲዎቹን ክብደት የሚወስነው ሰማያዊው ነው፤ ስለ ቀጣዩ መራኄ መንግሥት መገመት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከዚያ ላይ ባያነሣ ይሻለዋል። ያን ምሽት ወረቀቶቹን በየፓርቲው እየለየን ጠረጴዛ ላይ ስንከምር፣ በመካከሉ አንዲት ስስ ክምር ነበረች፤ የዛራ ቫገንክኔክት ፓርቲ። ያቺን መሰል ስስ ክምር በየጣቢያው ተደምራ 4.98 በመቶ ሆነች። ምክር ቤት ለመግባት 5 በመቶ ያስፈልጋል። ጉድለቱ በመላ አገሪቱ ወደ 9,500 ድምፅ ብቻ ነበር።

ይህን የማነሣው ለቁጥሩ ማማር አይደለም። ያ ፓርቲ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹና ሶሻል ዴሞክራቶቹ ሁለቱ ብቻቸውን አብላጫ አይኖራቸውም፤ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ መሪ ፍሪድሪክ ሜርስ ሦስተኛ አጋር ይፈልጉ ነበር፤ መንግሥቱም ዛሬ ካለው ይልቅ የሚሰባበር ይሆን ነበር። ሜርስ መራኄ መንግሥት የሆኑትም በጭንቅ ነው። በሜይ 6 ቀን 2025 ከ630ው አባላት 316 ድምፅ ሲያስፈልጋቸው በመጀመሪያው ዙር ያገኙት 310 ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ዕጩ ላይ አልደረሰም። በዚያው ቀን በሁለተኛው ዙር በ325 ድምፅ ተመረጡ።

የጀርመን በር ግን አንዴ ከተገባበት በኋላ ከውስጥ የሚቆለፍ ነው። ምክር ቤቱ መራኄ መንግሥቱን ለማውረድ በዚያው ድምፅ ተተኪውን መምረጥ አለበት፤ ይህ ከ1949 ወዲህ የተሳካው አንድ ጊዜ፣ በ1982 ሄልሙት ኮል ሄልሙት ሽሚትን ሲተኩ ብቻ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አገሪቱ የነበሯት መራኅያነ መንግሥት አሥር ብቻ ናቸው። ስለዚህ በጥናት ላይ ወጣ ወረደ የሚለውን ይዞ ሜርስ ነገ ይወድቃሉ ማለት ችኮላ ነው። አማራጭ ለጀርመን የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በ20.8 በመቶ ሁለተኛ ወጥቷል፤ አሁን በአንዳንድ ጥናቶች አንደኛ ይሆናል። ሆኖም ሌሎቹ ፓርቲዎች አብረውት መንግሥት ላለመመሥረት እስከጸኑ ድረስ አንደኛ መውጣት ሥልጣን መያዝ አይደለም። ከ2029 በፊት መታየት ያለበት የዚያ ፓርቲ መቶኛ ሳይሆን የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ጽናት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 በኤፕሪልና በሜይ አንዳንድ ጥናቶች አረንጓዴዎቹን አንደኛ አድርገው ነበር፤ ቀጥሎ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ዕጩ አርሚን ላሼት ቀደሙ፤ በጁላይ በጎርፍ በተጎዳ ከተማ ፕሬዚዳንቱ ሐዘናቸውን ሲገልጹ ከኋላ ሲስቁ ካሜራ ያዛቸው፤ በሴፕቴምበር ያሸነፉት ግን በጸደይ ማንም ያልቆጠራቸው ሶሻል ዴሞክራቱ ኦላፍ ሾልስ ናቸው። አምስት ወር ውስጥ ሦስት «ቀጣይ መሪ» ማለት ነው።

የሰሜን ለንደን ነዋሪ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስለ ብሪታንያ የሚጻፈው ሁሉ የሚያተኩረው በ2029 ላይ ነው። እኔ ግን ታዳሚዎቹ አንድ ነገር እንዲቆጥሩ እለምናለሁ። ማርጋሬት ታቸር በ1990 ከወረዱ ወዲህ ዘጠኝ ጠቅላይ ሚኒስትሮች መጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ ሥልጣን የያዙት በጠቅላላ ምርጫ አሸንፈው የሆኑት ብሌር፣ ካሜሮንና ስታርመር ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሜጀር፣ ብራውን፣ ሜይ፣ ጆንሰን፣ ትረስና ሱናክ የገቡት በፓርቲያቸው የጓሮ በር ነው። ሊዝ ትረስን በ2022 የመረጧቸው ወደ 81,000 የሚጠጉ የፓርቲ አባላት ነበሩ፤ በሚሊዮኖች የምንቆጠረው ሌሎቻችን ውጤቱን በቴሌቪዥን ሰማን፤ ከሰባት ሳምንት በኋላም መልቀቃቸውን እንዲሁ በቴሌቪዥን ሰማን። ስለዚህ «ቀጣዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው በመጀመሪያ መመለስ ያለበት የትኛው በር ይቀድማል የሚለውን ነው። የጓሮው በር ይቀድማል ባይ ነኝ።

የገዥው የሌበር ፓርቲ ደንብ መሪውን ሊገዳደር የሚሻ ሰው ከፓርቲው የምክር ቤት አባላት አንድ አምስተኛውን እንዲያስፈርም ያዛል፤ ይህ ቀላል አይደለም። ብዙዎች የሚጠሯቸው የታላቋ ማንችስተር ከንቲባ አንዲ በርነም ደግሞ ዛሬ የምክር ቤት አባል አይደሉም፤ መጀመሪያ በማሟያ ምርጫ ወንበር ማግኘት አለባቸው። ስም ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። በሜይ 2026 የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአካባቢ ምርጫዎች አሉ፤ ሌበር በዚያ ክፉኛ ከተመታ ፊርማ መሰብሰቡ ያን ጊዜ ይቀላል።

ስለ ፋራዥ ደግሞ የድምፅና የወንበር ዝምድና በዚህ አገር ምን ያህል የሳሳ እንደሆነ እንይ። በ2024 ሪፎርም 14.3 በመቶ ድምፅ አግኝቶ የያዘው 5 ወንበር ነበር፤ ሊበራል ዴሞክራቶች በ12.2 በመቶ 72 ወንበር ያዙ። ለሪፎርም መራጮች ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው። ሌበር በ2017 በ40 በመቶ 262 ወንበር ብቻ አግኝቶ ነበር፤ በ2024 በ33.7 በመቶ 411 አገኘ። ድምፁ ከተሰባበረና በየወረዳው በትክክል ከተበተነ፣ 30 በመቶ ያለው ፓርቲ አገሪቱን ሊጠቀልል ይችላል። ሪፎርም ከ2025 ጸደይ ጀምሮ በጥናቶች ስለሚመራ፣ ያኔ የጎዳው ሥርዓት ነገ ሊክሰው ይችላል። ይህ ያሳስበኛል፤ ልጆቼ የተወለዱበት አገር ስለሆነ ስጋቴን መደበቅ አልፈልግም፤ ስጋቴ ግን ግምቴን እንዳያጣምመው እጠነቀቃለሁ።

መምህር ከደብረ ብርሃን
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንሁ ስለ ጥናቶቹ ጥቂት ልበል። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሪፐብሊካኑ ላንደን ያሸንፋሉ ብሎም አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። መጠይቁ የተላከው በአብዛኛው የስልክና የመኪና ባለቤቶች ስም ከሰፈረበት መዝገብ እየተወሰደ ነበርና ድሀው በመልሱ ውስጥ አልነበረም። ወጡ በደንብ ካልተማሰለ ጭልፋ ሙሉ ቢቀምሱትም ጣዕሙ አይታወቅም፤ ከተማሰለ ግን አንድ ማንኪያ ይበቃል። በትክክል የተመረጡ 1,000 ሰዎች ስህተታቸው ወደ 3 ነጥብ ግድም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ያ 3 ነጥብ የዛሬን ስሜት የመለካት ስህተት ብቻ ነው። ዛሬ የተለካው ስሜት ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን በውስጡ የለበትም። ጋዜጦች ሁለቱን ደባልቀው ሲያቀርቡ፣ አንባቢው ጠባቡን ስህተት ሩቅ ለሆነው ቀን ይጠቀምበታል። ግምት የምትጽፉ ወገኖች ይህን ብትለዩልኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ረጅሙ ወረቀት፣ ኦታዋ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር ያሉትን የሚያጸና ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። የምኖረው በካርልተን የምርጫ ወረዳ ነው፤ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ፒየር ፖሊየቭር ከ2004 ጀምሮ የምክር ቤት አባል የነበሩበት አካባቢ ነው። በኤፕሪል 28 ቀን 2025 ምርጫ ጣቢያ ስገባ የተሰጠኝ ወረቀት አንድ ሜትር ይጠጋል፤ የምርጫውን ሥርዓት ለመቃወም የተደራጁ ሰዎች ስላስመዘገቡ በአንድ ወረዳ 91 ዕጩዎች ነበሩ። ጠረጴዛው ስለማይበቃው ግማሹ ወደ መሬት ተንጠለጠለ፤ የምፈልገውን ስም በጣቴ እየተከተልሁ ፈለግሁ፤ ከዚያ ደጋግሜ አጥፌ ወደ ኮሮጆው ከተትሁት። ሌሊቱን ስንጠብቅ አድረን ስንነቃ ፖሊየቭር ወንበራቸውን አጥተዋል።

በጃንዋሪ ወግ አጥባቂዎቹ ከ20 ነጥብ በላይ ይመሩ ነበር። ጥናቱ የተሳሳተ አልነበረም፤ ሕዝቡ በእርግጥ ትሩዶን ሰልችቶ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ግን ሁለት ነገር ተለወጠ፤ ትሩዶ እንደሚለቁ አስታወቁ፣ ትራምፕም ቀረጥ ጥለው ካናዳን 51ኛ ግዛት እናድርጋት ማለታቸውን ገፉበት። በዚህ ላይ ለሕዝብ ምርጫ ቀርበው የማያውቁት የማዕከላዊ ባንክ ሰው ማርክ ካርኒ መጡና ከ343 ወንበር 169ኙን ይዘው መንግሥት መሠረቱ።

ወንድሜ ዘመን ቆጣሪ፣ በሩን እንይ ማለትዎን እቀበላለሁ፤ ግን የካናዳ በር ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አልተለወጠም። የተለወጠው ከበሩ ፊት የቆመው ጥያቄ ነው። መራጩ «በትሩዶ ጠግበሃል?» ከመባል «ከጎረቤትህ ማን ይጠብቅሃል?» ወደ መባል ተሻገረ። ይህ ነገር በግምታችን ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የአሌክሳንድሪያዋ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከኦታዋ የጻፉት ወንድማችን ያነሡት «ጥያቄው ተለወጠ» የሚለው ነገር እዚህ በር በር ስንል ያጋጠመኝ ነው። በዚህ መኸር ለቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ በፈቃደኝነት ቤት ለቤት እየሄድሁ መራጮችን አነጋግር ነበር፤ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ያለባቸው ሕንፃዎች ለእኔና ለአንዲት ጓደኛዬ ተሰጥተውን ነበር። በኦክቶበር የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተዘግቶ ነበር፤ መዘጋቱም 43 ቀን ዘልቋል። አንድ ምሽት በሩን የከፈቱልን እናት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ስለ ዕጩዎቹ ስንጠይቃቸው ወደ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ወስደው ደመወዝ ሳይገባ የመጣውን የመብራት ቢልና የልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀመጡልን። ድምፃቸውን አስቀድመው ሰጥተው ነበር፤ በእኛ ግዛት መራጭ ከምርጫው ቀን በፊት በ45 ቀን ውስጥ መምረጥ ይችላል። ያን ሳምንት በአንኳኳንባቸው በሮች የሰማሁት ስለ ፓርቲ ሳይሆን ስለ ቢል ነበር። በኖቬምበር 4 ዴሞክራቷ አቢጌይል ስፓንበርገር ወደ 15 ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፉ፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ከዚያ ያነሰ ልዩነት ነበር የጠበቁት።

ከዚህ ተነሥቼ 2028 የዴሞክራቶች ነው አልልም። የአንድ ግዛት ምርጫ ለአገሪቱ አይበቃም፤ በ2016 ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ሳለ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋንና ፔንሲልቬኒያ ላይ በድምሩ ከ80,000 ባነሰ ድምፅ ተሸንፈዋል። በሩ በየግዛቱ የሚሰበሰብ 270 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ እንጂ በመላ አገሪቱ የተደመረ የሕዝብ ድምፅ አይደለም።

ስለ ቫንስ አንድ የታሪክ ማስታወሻ ላክል። ከ1800ው ምርጫ በኋላ በሥልጣን ላይ ያለ ምክትል ፕሬዚዳንት በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆነው ማርቲን ቫን ቢዩረን በ1836፣ ከዚያም ከ152 ዓመት በኋላ ጆርጅ ቡሽ በ1988 ብቻ ናቸው። ኒክሰን በ1960፣ ሃምፍሪ በ1968፣ ጎር በ2000፣ ሃሪስ በ2024 ሞክረው አልሆነም። ዕጩነቱን ማግኘት ለምክትል ፕሬዚዳንት ይቀላል፤ ችግሩ የአለቃውን ጥላቻ ከነሙሉ ሂሳቡ መውረሱ ነው። በዴሞክራቶቹ በኩል ደግሞ የካሊፎርኒያው ጋቪን ኒውሰም ስም ይነሣል፤ ከኖቬምበር 2026ቱ የምክር ቤት ምርጫ በፊት ግን ስም መቁጠር ያስቸኩላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በአጋማሽ ዘመን ምርጫ በታችኛው ምክር ቤት ወንበር ያላጣው በ1998 እና በ2002 ብቻ ነው።

ዘመን ቆጣሪ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኦታዋው ወንድሜ ያሉት ትክክል ነው፤ በሩን ማየት ብቻ አይበቃም፣ መራጩ በዚያን ቀን የሚመልሰውን ጥያቄም መገመት ያስፈልጋል። መምህርም ያስጠነቀቁንን አስቤ ሩቅ የሆነውን ቀን ግምት ወደ መሀል፣ ማለትም ወደ 50፣ ቅርብ የሆነውን ወደ ዳር አድርጌአለሁ። ቃሌን በቁጥር ልስጥ።

በፈረንሳይ የለ ፔን ፓርቲ ዕጩ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሁለተኛ ዙር ይደርሳል፤ ይህን ከመቶ 85 አድርጌ አምናለሁ። ያሸንፋል የሚለውን ግን ከመቶ 45 አድርጌ እይዘዋለሁ፤ ምክንያቴም እህታችን የቆጠሯቸው ሰረዞች ናቸው። በብሪታንያ ከቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ በፊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይለወጣሉ፤ ከመቶ 65። ፋራዥ ከምርጫው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ የሚለውን ከመቶ 35 አድርጌአለሁ፤ ሦስት ዓመት በላይ የሚቀረውን ነገር ከዚህ ከፍ ማድረግ አልደፈርሁም። በጀርመን ሜርስ 2027 ሲያልቅ በሥልጣን ላይ ይሆናሉ፤ ከመቶ 70፤ የበሩ መቆለፊያ ያግዛቸዋል። በአሜሪካ ቫንስ የሪፐብሊካኖች ዕጩ ይሆናሉ፤ ከመቶ 55። ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ከዴሞክራቶች ይሆናል የሚለውን ከመቶ 53 አድርጌአለሁ፤ ይህ ከእርግጠኝነት የራቀ እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

በ2019 ዓ.ም. ግንቦት፣ የፈረንሳይ ውጤት ከወጣ በኋላ፣ ይህን ክር ከፍቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ከውጤቱ ጋር አስተያያለሁ።

ወለተ ጎንደር፣ ፓሪስ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ 45ቱን ዝቅ ያድርጉልኝ ልል ነበር፤ መልሼ ሳስበው ግን ከፍ እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። ያ ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ፣ ማክሮን ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ የሾሟቸውን ጠቅላይ ሚኒስትሮች በጣቱ ቆጠረልኝ፤ ባርኒዬ በዲሴምበር 2024 ወደቁ፣ ባይሩ በሴፕቴምበር 2025 ወደቁ፣ ለኮርኑ በኦክቶበር ለቅቀው በአራተኛው ቀን ተመልሰው ተሾሙ። «እኔ ያን ምሽት የማልወደውን ሰው የመረጥሁት ለዚህ ነበር?» አለኝ። በ2027 ለሁለተኛው ዙር የሚወጣ ቢሆንም እንኳ ባዶ ፖስታ እንደሚከትት ነገረኝ። ባዶ ፖስታ በቆጠራ ጊዜ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለማንም አይደመርም፤ የሚጎዳው ግን ቀኝ አክራሪውን ለማስቀረት ድምፅ የሚሻውን ዕጩ ነው። የእኔን ከመቶ 52 ብለው ይመዝግቡልኝ።